ልቤ ደክሟል ስልዎ

ሮቤ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዴራ አብዶ፣ ለአባቴ ታላቅ ወንድም፤

የአላህ ሰላምና ረሕመት ካሉበት ይድረስዎ። ከሮቤ እስከ ጆሃንስበርግ ስንት ድንበር እንዳለ አላውቅም፤ ዱዓ ቪዛ አይጠየቅም ብዬ ግን ከየሶላቱ በኋላ እልክልዎታለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? የጉልበትዎ ነገርስ? ሱቁስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

ይህንንም እንደ ወትሮው በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ነው የምልክልዎ። ጆሮዎ ስልክ አልቀበልም ካለ ወዲህ «ሃሎ፣ ሃሎ» እየተባባልን ጎረቤት ከምናውክ ይሄ ይሻላል። ባለቤቴ ኢህሳን «የእናንተ ፖስታ ቤት ገና አልተዘጋም» እያለ ይስቅብናል። ይሳቅ። በስልክ ሰው ሁሉ ደህና ነው፤ በደብዳቤ ትንሽ እውነት ይወጣል።

ስንዴው ዘንድሮ ጥሩ ነው። ኢህሳን ኮምባይነር ሲጠግን ከሲናና እስከ አጋርፋ ሲዞር ነው የሚሰነብተው፤ ቤት የሚገባው ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ነው። እኔም አንደኛ ክፍል ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ዘንድሮ የደረሱኝ ልጆች ወሬ ይወዳሉ፤ በአስተማሪያቸው ወጥተው ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ልንገርዎ፤ አይጨነቁብኝ። ሰሞኑን ልቤ ደክሟል። ምክንያቱን በውል አላወቅኩትም። አንገቴም ከፊት በኩል አበጥ ብሏል፤ ሻርፔን ሳስር ነው ያስተዋልኩት። እንደ አያቴ እንቅርት ሊያወጣኝ ይሆናል። ሌላም የምነግርዎ አለኝ፤ እሱ ግን ጊዜው ሲደርስ።

አላህ ከክፉ ነገር ሁሉ ይከልልዎ።

ልጅዎ ዙህራ


ጆሃንስበርግ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙህራ፤

ሰላምታሽ ደርሶኛል፣ ያንኑ አብዝቼ መልሻለሁ። ለኢህሳንም፣ ለእናቱም፣ ሮቤ ላይ ስሜን ለሚያነሳ ሁሉ አድርሺልኝ። ጉልበቴ ደህና ነው። ጆሮዬ እንዳለ ነው፤ እዚህ አገር ብዙም የሚደመጥ ነገር ስለሌለ አልጎዳኝም።

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ እያለ አነበብኩት። ሰውዬው ዳቦ ጠይቆኝ ሳሙና ሰጠሁት።

«ልቤ ደክሟል» ትያለሽ። ልጄ፣ ልብ ዝም ብሎ አይደክምም፤ የሚያደክመው ሰው ነው። ኢህሳን ነው? እውነቱን ንገሪኝ። በኒካሕሽ ቀን በወንድሜ ቦታ ቆሜ የዳርኩሽ እኔ ነኝ፤ የዳረ ሰው ደግሞ መጠየቅ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ከኮምባይነር ጋር እየዋለ ከሚስቱ ጋር መጫወት ጠፍቶበት ከሆነ ለእሱም ደብዳቤ እጽፍለታለሁ። ያስከፋሽ ሰው ከሌለም ብቸኝነት ይሆናል። እቤት ተዘግተሽ አትዋዪ። ጎረቤት ሂጂ፣ ተጫወቺ፣ አንዳንዴ ጎባ ብቅ በዪና የተራራውን አየር ቅመሺ፤ ልብሽ ይመለሳል።

የእንቅርቱን ነገር ግን ለእኔ ተዪው። እናቴ፣ አያትሽ፣ አንገቷን በሻሽ ሸፍና ነው የኖረችው። እሷ ካለፈች በኋላ የጤና ሰዎች መጥተው «ጨዋችሁ አዮዲን ስለሌለው ነው እንቅርት የሚያወጣችሁ» አሉን። ይህን ሳታውቅ መሄዷ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ፋርማሲ ገብቼ «አዮዲን ያለበት ነገር ስጡኝ» አልኩ፤ ከባሕር አረም የተሠራ ክኒን ሰጡኝ። ለማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አንድ የጊኒር ነጋዴ ወደ አገር ስለሚገባ በእሱ እጅ ይደርስሻል። ጠዋትና ማታ ዋጪ። አያትሽ ያጣችውን አንቺ አታጪም።

በአላህ ጥበቃ ሁኚ።

አዴራሽ አብዶ


ሮቤ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዴራ አብዶ፤

እንኳን ለረመዳን አደረሰዎ። ጾሙን የሚያቀል፣ ዱዓውን የሚቀበል ጌታ ከእርስዎ አይራቅ።

ክኒኑ ደርሶኛል። ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። እዚህ አብሮኝ የሚውለው ሰው አንገቴን ልብ ሳይለው፣ እርስዎ ከዚያ ሁሉ ርቀት ሆነው መድኃኒት ላኩልኝ። እንዳሉኝ ጠዋትና ማታ እየዋጥኩ ነው።

ስለ ኢህሳን የጻፉትን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ምስኪን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ያጥባል። እርግጥ ነው ምንም አላስከፋኝም፤ ይህን ግን እንዳይነግሩት፣ ቢያንስ ረመዳን እስኪያልፍ።

ያኔ «ጊዜው ሲደርስ» ያልኩዎት ነገር ደርሷል። ብቻዬን አይደለሁም፣ አዴራ። አራት ወር ጨርሻለሁ። እርስዎ አባቴ ነዎት፣ እንዲህ ያለ ነገር ለአባት መጻፍ ያሳፍራል፤ የኢህሳን እናትም ሆድ ሳይገፋ ወሬው አይውጣ ብለው አፌን አዘግተውኝ ነበር። ዘንድሮ አልጾምኩም። ከወለድኩ በኋላ፣ ኢንሻአላህ፣ ያመለጠኝን ጾም ቀዷ አወጣለሁ።

እርግዝና እንዲህ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሮቤ በብርድ ተጠቅልላ ሳለ እኔ መስኮት እከፍታለሁ። ነፍሰ ጡር ትወፍራለች ሲባል እሰማ ነበር፤ የኔ ቀሚስ ግን እየሰፋኝ ነው። ልቤ ቁጭ ባልኩበት እንደሮጠ ሰው ልብ ትመታለች። ጎረቤቶቼ «የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ እንዲህ ያደርጋል» ይላሉ። እነሱ ወልደው ያውቁታል፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ደህና ነኝ፣ አይስጉ።

የሚወድዎ ሁሉ በዱዓ ያስብዎታል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ።

ልጅዎ ዙህራ


ጆሃንስበርግ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙህራ፣ አሁን ደግሞ ለእናት ዙህራ፤

ይህን ቀን ላሳየኝ ጌታ ምስጋና ይግባው። የወንድሜ ዘር ሊቀጥል ነው። ከመግሪብ በኋላ ሱቅ ለገባ ሰው ሁሉ ቴምር አደልኩ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በላ፣ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ለእሱ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁለት። ኢህሳንን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ዕቃ ማጠቡን ግን አያቋርጥ።

አንድ ነገር አልወደድኩትም። የደብዳቤሽን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። የእጅሽን ጽሑፍ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ፊደልሽ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር። የአሁኑ ተንቀጥቅጧል፣ መስመሩም ወደ ታች ወርዷል። ባጃጅ ላይ ሆነሽ ነው የጻፍሽው? ወይስ የማትነግሪኝ ነገር አለ?

ድካም ከሆነ ክኒኑን አታቋርጪ። እኔም አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል። ባሌ ውስጥ አንገቷን ሸፍና የምትኖር ስንት ሴት አለች? ያንኑ ክኒን አንድ ካርቶን ሙሉ እየሰበሰብኩ ነው። ለእናቴ ያልደረስኩትን ለእነሱ ልድረስላቸው።

ስለ እጅሽ መልስ እጠብቃለሁ።

አዴራሽ አብዶ


ጆሃንስበርግ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዙህራ ልጄ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዒድ መጥቶ አለፈ፤ ከሮቤ አንዲት ቃል አልመጣችም። ለኢህሳን መልእክት ብልክ «ደህና ናት» ብሎ መለሰልኝ። ደህና የሆነ ሰው ራሱ ይጽፋል።

ተቀይመሽኝ ከሆነ ስለ ባልሽ ስለጻፍኩት ነው ብዬ አሰብኩ። እሱ ቀልድ ነበር። ካርቶኑ በጊኒሩ ነጋዴ እጅ መንገድ ጀምሯል፤ በገበያ ቀን ለተቸገሩ ሴቶች ያድላል። ይህን የምጽፍልሽ ደስ እንዲልሽ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ ፊደልሽን ብቻ አሳዪኝ።

አብዶ


ጎባ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዴራ አብዶ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም፤ እርስዎን መቀየም ከየት ይመጣልኛል። ይህን የምጽፍልዎ ጎባ ሆስፒታል ሆኜ ነው። ተጋድሜ መተንፈስ ስላቃተኝ ከኋላዬ ትራስ ደራርበውልኛል። ከሁሉ በፊት አልሐምዱሊላህ፣ እኔም አለሁ፣ ሆዴ ውስጥ ያለውም አለ።

ከዒድ በፊት በነበረው ሳምንት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ትንፋሽ አጠረኝና የልጆቹ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ያ ሁሉ ወሬኛ ልጅ ዝም ሲል ነው እኔም የፈራሁት። ኢህሳንን ጠሩት፤ መጥቶ ወደ ጎባ ይዞኝ ወጣ።

የተቀበለን ዶክተር ዲማ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። «ምን ይሰማሻል?» አለኝ።

«ልቤ ደክሟል» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማን ነው የነገረሽ? ከዚህ በፊት የት ተመርምረሻል?»

«ማንም አልነገረኝም። እኔው ነኝ የምለው።»

አየት አደረገኝና በኦሮምኛ «ገራ ሞ ኦኔ?» አለኝ። ሆድሽ ባሰሽ ወይስ ደረትሽ ውስጥ የምትመታዋ ናት? ማለቱ ነው። አዴራ፣ እኔ ለእርስዎ በአማርኛ ስጽፍ ለሁለቱም ያለኝ ያው «ልብ» የሚለው ቃል ነበር። እርስዎ ገራዬን አሰቡ፤ እኔም ራሴ የትኛውን እንደምል አላውቅም ነበር። ያኔ ግን አወቅኩት። «ኦኔ» አልኩት።

አንገቴን ዳሰሰ። እጄን አስዘርግቶ ጣቶቼ ሲንቀጠቀጡ አየ። ደም ወሰዱ። ኢኮ በሚሉት መሣሪያ ልቤን አየና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። አየኋት፤ ትሮጣለች፣ ትለፋለች፣ ደሙን ግን እንደሚገባ አትገፋም። «ቀድመሽኛል» አለኝ፤ «የልብ ድካም ነው።» ሳቄ መጣ፣ አዴራ። ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ።

ነገሩ ከአንገቴ ነው የጀመረው። አንገት ውስጥ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ፤ የሰውነትን ፍጥነት የሚያዝ እሱ ነው። የኔው ከመጠን በላይ ይሠራል። የነፍሰ ጡር ልብ ደግሞ ሳትታመምም የሁለት ሰው ሥራ አለባት። ኢህሳን ሐኪሙ ሲያስረዳ አዳምጦ «ገባኝ፤ ጋዙ ተረግጦ የቀረ ሞተር ነው፣ ጭነቱም አልወረደለትም» አለ። ዶክተር ዲማ «ለተማሪዎቼ እንዲህ ብዬ ላስተምር» አለው። ላቡም፣ ክሳቱም፣ የእጄ መንቀጥቀጥም ከዚሁ ነው። እርግዝና ስለሚመስል ማንም አልጠረጠረም፣ እኔም ጭምር።

አሁን ደግሞ ልጽፍልዎ የፈራሁትን ልጻፍ። ሐኪሙ «ሌላ የምትውጪው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኢህሳን የላኩልኝን ብልቃጥ አምጥቶ አሳየው። አነበበው፣ ክዳኑን አጠበቀ፣ መልሶም አልሰጠንም። እንቅርት ሁሉ አንድ አይደለም አለኝ። የአያቴ ዓይነቱ አዮዲን ስታጣ የመጣ ሊሆን ይችላል። የኔ ዓይነቱ ዕጢ ግን አዮዲን በተጨመረለት ቁጥር ይብስበታል። በሽታው ክኒኑ ሳይመጣ በታኅሣሥም ነበረብኝ፤ ይህን ደጋግሜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፣ እርስዎም ደጋግመው ያንብቡት። ክኒኑ አባሰው እንጂ አላመጣውም።

ልደብቅዎ ወስኜ ነበር። ኢህሳንንም «ደህና ናት» እንዲልዎ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ስለ ካርቶኑ ባይጽፉልኝ ኖሮ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ ክኒንዎ አዳነኝ እያልኩ አመሰግንዎ ነበር። ግን ከእነዚያ ሴቶች መካከል እንደኔ ያለች ብትኖርስ? እባክዎ ካርቶኑን ያስቁሙት።

አሁን ዕጢውን የሚያበርድና የልቤን ሩጫ የሚያረግብ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው ብለውኛል፤ ከሁሉ የሚከብደው የምወልድበት ቀን እንደሆነም አልደበቁኝም። አይቆጡኝ፣ አይዘኑ። ስለ አንገቴ ሰምተው የደነገጡ እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ ይህን አልረሳም።

ልጅዎ ዙህራ


ጆሃንስበርግ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዙህራ፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፤

አላህ ያሽርሽ። ሌላ የምጀምርበት ቃል የለኝም።

ደብዳቤሽን አንብቤ ሱቁን ዘጋሁ። አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም። ስልኬን በእጄ ይዤ፣ በማይሰማ ጆሮዬ ላይ ሁሉ አስጠግቼው ነበር፤ ምን ልሰማ እንደሆነ እንጃ። እኔ ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ቁቤን፣ አላነብም፤ የኛ ዘመን ትምህርት በአማርኛ ነበር። አንቺም ለእኔ ብለሽ ነው በአማርኛ የምትጽፊው። ኦሮምኛ ብንጻጻፍ ኖሮ «ኦኔ» ትዪኝ ነበር፤ እኔም ባልሽን በመክሰስ ፈንታ ሐኪም ቤት ሂጂ እልሽ ነበር። በገዛ ቋንቋችን ስላልተጻጻፍን ልጄ የጮኸችውን ሳልሰማ ቀረሁ።

የካርቶኑን ነገር ወዲያው ነው የያዝኩት። የጎረቤቴ ልጅ በእኔ ፈንታ ስልክ ደወለችለት። ነጋዴው ጊኒር ደርሶ ከፊሉን አድሏል። «ለማን ለማን እንደሰጠሁ አውቃለሁ፣ ግን እንዴት ብዬ መልሺ ልበላት፤ ሴቶቹ መርቀውኛል እኮ» ይላል። ኢህሳንን ላኪልኝ። እኔ እዚህ ሩቅ ሆኜ እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ በዪው።

«አይቆጡኝ» ትያለሽ። ልጄ፣ ብትደብቂኝ ኖሮ እጄ ሰው እየጎዳ እኔ ምርቃት እቀበል ነበር። ታመሽ፣ ትራስ ተደግፈሽ፣ እኔን ከዚያ አወጣሽኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ለሰጠኝ ጌታ ምን ልበለው? ሹክረን፣ አመሰግናለሁ ከማለት በቀር።

ሐኪምሽን በስሙ ዱዓ እያደረግኩለት ነው። የነገረሽን ሁሉ አድርጊ። የእኔን ምክር አትስሚ።

አብዶ


ጎባ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዴራ አብዶ፤

አላህ ሐዘንዎን በደስታ ይለውጥልዎ። ፊደሌን ልብ ብለው ይዩት፤ ዛሬ መስመሩ ላይ ቆሟል።

ኢህሳን ጊኒር ሄዶ ተመልሷል። ነጋዴውና እሱ ቤት ለቤት ዞሩ። ሴቶቹ መጀመሪያ አንሰጥም አሉ፤ የተሰጠን መድኃኒት ማን ይመልሳል? ኢህሳንም እንደ እርስዎ ንግግር ያውቅበታልና «የላኩላችሁ ሽማግሌ የገዛ ልጃቸው ታማባቸው ነው፤ ስለናንተ እንቅልፍ አጥተዋል» አላቸው። ዶክተር ዲማ ያስጠናውንም ነገራቸው፤ አንገቷ ያበጠ ሁሉ ክኒን ከመዋጧ በፊት ትመርመር፣ ልቧ የሚሮጥባትና የምትከሳ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትል ትምጣ።

ለሊሴ የምትባል አንዲት ነፍሰ ጡር ይህን ስትሰማ ብልቃጡን ይዛ ተከትላው መጣች። አሁን ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ናት። የእሷም እንደኔው ነው፤ የእሷ ልብ ግን ገና ሳትዳከም ደርሰውላታል። ካርቶንዎ ባይሄድ ኖሮ ኢህሳን ጊኒር ምን ይሠራ ነበር? ለሊሴም ይህን አስባ መሰለኝ፣ «ለአዴራሽ ሰላም በዪልኝ፤ መድኃኒታቸው ሳይሆን ስህተታቸው አዳነኝ» ብላለች። ስትስቅ ነው ያለችው። እርስዎም ይሳቁ፣ ፈቅጄልዎታለሁ።

የእግሬ እብጠት ጎድሏል፣ በአንድ ትራስ መተኛት ጀምሬያለሁ። ኢኮውን ደግመው አይተው «ትንሽ ተሻሽላለች፣ ገና ናት» አሉኝ። ልጁም እያደገ ነው። ነርሷ ልቡን ታሰማኛለች፤ እሱ ይሩጥ፣ መሮጥ የሱ ወግ ነው ትለኛለች።

ሌላ ነገር ሁሉ ጽፌ ይህን ብተው ግን ውሸት ይሆንብኛል። እፈራለሁ፣ አዴራ። ልብስ እንኳ አላዘጋጀሁለትም። ኢህሳን ሲመጣ አልፈራም እለዋለሁ፤ እሱም እንደማይፈራ ይነግረኛል።

ዙህራ


ጆሃንስበርግ፣ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዙህራ ልጄ፤

እኔም እፈራለሁ። ሦስታችንም ከፈራን አንደባበቅ።

ልብሱን ግን አዘጋጂለት። የሚመጣ እንግዳ ቤቱን ባዶ አያግኘው።

ለለሊሴ ሰላምታዬን አድርሺ። ሳቅኩ በዪያት።

አብዶ


ሮቤ፣ መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአዴራ አብዶ፣ ለጂቱ አያት፤

አላህ ውለታዎን በጀነት ይክፈልዎ፤ እኔ መክፈሉን አልችልበትም። ኢህሳን በሐምሌ መጀመሪያ «ወልዳለች፣ ሴት ናት፣ ሁለቱም አሉ» ብሎ የላከልዎትን አይተዋል። ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻለም ነበር፤ እኔም እስካሁን ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ቆየሁ። የምስራችን ካልጨረሱ መጻፍ ያስፈራል።

በምወልድበት ቀን ዶክተር ዲማ ከአጠገቤ አልጠፋም። አዋላጇ ከታች፣ እሱ ከራስጌዬ፣ ዓይኑን የልቤን ምት ከሚያሳየው መሣሪያ ላይ አልነቀለም። «ብዙ አታምጪ፣ እኛ እናግዝሻለን፣ አንቺ ተንፍሺ» ይሉኛል። ኦክስጅን አድርገውልኛል። መጨረሻ ላይ በመሣሪያ ስበው አወጧት። ስታለቅስ ዶክተር ዲማ ወደ እሷ አላየም፤ እኔን እያየ ነበር። ትንሽ ቆይቶ «ኦኔን ኬ ጃባዳ» አለኝ፤ ልብሽ ብርቱ ናት ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው እሷን ሊያይ የዞረው።

ጂቱ ብለናታል። የእሷንም ዕጢ ደሟን ወስደው መረመሩ፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፍበት ጊዜ አለ ብለው ሰግተው ነበር። ሰላም ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ጡቴን ትጠባለች፣ ትወፍራለች፣ ሲርባት በጩኸት የኢህሳንን ሞተሮች ትበልጣለች። ለሊሴም በነሐሴ ወንድ ወልዳ ጊኒር ገብታለች።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል ጎባ ሄድን። ኢኮውን አይቶ የድሮውን ምስልና የአሁኑን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። ልቤ ወደ መጠኗ ተመልሳለች፤ ደሙንም እንደ ሰው ልብ ትገፋለች። የዕጢውን መድኃኒት አላቆምም፣ በየጊዜው እመረመራለሁ፣ ሌላ ልጅ ለማሰብም ሳላማክረው እንዳልሞክር ነግሮኛል። ለእሱ ምን እንደምለው አጥቼ «አላህ እጅህን ይባርክ» አልኩት። «አሜን» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ፤ ወረፋው ረጅም ነበር።

እዚያ ስክሪን ላይ የታየውን ግን እኔ ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም ነበር፣ አዴራ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ልቤን እንደ ሙሉ እንስራ ይዤ ነበር የምሄደው። ደረጃ ስወጣ እቆም ነበር፣ ሳይደክመኝ። ኢህሳንም ባልዲ አያስነሳኝም፤ ሲያየኝ ደረቴን ነው የሚያየው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጂቱን አስተኝቼ ጨርቆቿን ውጭ አሰጣሁ። ጎረቤት ጋር ቆሜ ሳወራ ከሳነቴ ተራራ በኩል ዝናቡ በድንገት መጣ፤ የሮቤን ዝናብ ያውቁታል፣ አይጠይቅም። ጨርቆቹን እያነሳሁ፣ የወደቀውን እየለቀምኩ፣ እየሳቅኩ ግቢውን አቋርጬ ገባሁ። ኢህሳን ደጃፉ ላይ ቆሟል። ዕንባው በጉንጩ ይወርዳል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት፤ ከጂቱ አንድ ነገር የደረሰ መስሎኝ።

«ሮጥሽ እኮ» አለኝ።

ልጅዎ ዙህራ